አማት የማስወጣት ሙያ

ሰው አላምንም። ሰው ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ አላህ ያውቃል፣ የገጠመኝ ደግ ሰው ከክፉው ይበዛል። የማላምነው ሰው ሲያመው የሚሰጠውን የመጀመሪያ መልስ ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ስትሏት ግንባሯን ትይዛለች። ሕመሙ እዚያ አይደለም። ግንባር ለመናገር ስለማያሳፍር ነው። ዋጃ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ መጨረሻም እዚሁ ቆቦ ነጭ ጋውን ለብሼ ስኖር የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።

ጡረታ ስወጣ ጋውኑን አወለቅሁ፤ ጥርጣሬውን ግን ማን ያወልቅልኝ! ወተት ሻጯን እጠረጥራለሁ፤ የባጃጁን ሹፌር እጠረጥራለሁ፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» እያለ የሚደውልልኝን ሰውዬማ የእናቱን ስም ጠይቄ ነው የማባርረው። የጡረታው ብር ከወር ወር አያደርስም፣ እሱን ተዉት። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴትዮ ቤት ነው የስልክ ሐኪም የመጣው። እንዴት እንደመጣና ምን እንዳደረገኝ ለመናገር ግን ከዋጃ መጀመር አለብኝ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

ዘሐራ እባላለሁ። ለቆቦ ሰው ሲስተር ዘሐራ ነኝ። ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ዋጃ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ። ኃላፊው አያ ታፈረ ነበሩ። በዘመኑ አጠራር ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ከማሰር ጀምሮ ጥርስ እስከ መንቀል ሁሉን የሚሠሩ። ገበሬው «ዶክተር» ይላቸዋል። ከደጋ የወረዱ ክርስቲያን ናቸው፤ ያን ሁሉ ዓመት ቆላ ተቀምጠው፣ በዚያ ድንጋይ በሚያፈላ የራያ ፀሐይ፣ ሹራባቸውን አያወልቁም። «አያ ታፈረ፣ ኧረ በአላህ ያውልቁት፣ ሲያዩዎት ያልበኛል» ስላቸው «ደጋ ሰው ብርድን አያምነውም ልጄ፣ ተደብቆ ነው የሚመጣው» ይሉኛል። አለማመኑን ከማን እንደወረስኩት ይኸው አወቃችሁ።

እጃቸው ሞያ ነበረው። መብራት የለም፤ ማይክሮስኮፑ ከሥሩ ትንሽ መስታወት አለችው። እሷን ወደ መስኮቱ አዙረው የፀሐይዋን ብርሃን እስኪይዙ ድረስ ትንፋሽ አያወጡም። ሽንት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ያዩታል፤ ደፍርሷል ወይስ ጠርቷል? ከዚያ ያሸቱታል፤ አፍንጫቸውን አይዙም። በሽተኛዋን «የመጀመሪያውን አፍስሺው፣ የመጨረሻውንም ተይው፣ የመሃሉን ያዢልኝ» ይላሉ። ትኩሳት ሲፈልጉ ቴርሞሜትሩን ከማውጣታቸው በፊት በእጃቸው ጀርባ አንገት ይዳስሳሉ፤ መዳፍ ሥራ ስላደነደነው ይዋሻል ይሉኛል። በመጨረሻ ከጀርባዋ ዞረው ከጎድን አጥንቷ በታች በጡጫቸው ቀስ አድርገው ይመታሉ። ከዘለለች ነገሩ ከፊኛ አልፎ ኩላሊት ደርሷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሞያቸው ግን ሰው ማስወጣት ነው። እሱን በዓይኔ ሲጀምሩት አይቻለሁ፤ የጀመሩትም በመከራ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። ግቢው በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ከዞብል ተራራ ሥር ካለ መንደር አንዲት ሙሽራ ከአማቷ ጋር መጣች። ሙሽራዪቱ አትናገርም፤ ተናጋሪዋ አማቲቱ ናት። «ብርድ መቷታል፤ ሽንት ሲመጣ ያቃጥላታል» አለች። አያ ታፈረ ሽንቱን አዩ፣ ደፍርሷል። ከዚያ በዚያ ጥድፊያ መሃል «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብለው ጠየቋት። አማቲቱ እጎኗ ቆማለች። በእኛ አገር እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራም፤ ዓይን ይበላዋል። ለባል እንኳ በዙሪያ ጥምጥም ነው የሚነገረው። ለአማትማ ሙሽራ በአፏ አውጥታ አትናገርም፤ አማት አይታ ትወቀው እንጂ። ልጅቷ መሬት መሬት አየችና «አይ» አለች። ኪኒን ሰጥተን ሸኘናት።

ጥቂት ቀን ቆይቶ በቃሬዛ መጣች። ትንቀጠቀጣለች፤ ትኩሳቱ ይጋረፋል፤ ደም በቀሚሷ ወርዷል። ነበረች፤ እርጉዝ ነበረች። ያንን ብናውቅ ኖሮ ኪኒን ጨብጣ አትሄድም ነበር፤ አስተኝተን መርፌ እንጀምርላት ነበር። እህል በጫነ መኪና ላይ አሳፍረን ወደ ሆስፒታል ላክናት። አልተመለሰችም። አማቲቱ ግቢያችን ውስጥ ደረቷን እየደቃች «ምነው ለእኔ ብትነግረኝ! ምነው ብትነግረኝ!» ስትል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ክፉ ሴት አልነበረችም። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዛ ነበር ያመጣቻት።

አያ ታፈረ ያን ሰሞን እህል አልቀመሱም። አንድ ቀን መስታወቷን እየወለወሉ «ዘሐራ፣ ጥያቄዬ ልክ ነበር፣ ቦታው ነው ያልሆነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማንንም ሴት ከሰው ፊት አልጠየቁም።

ግን አማትን እንዴት ነው የምታስወጣው? መጀመሪያ በቀጥታ ሞከሩት። «እናቴ፣ እስቲ ውጪ ይቆዩልን» አሏት አንዷን። «ምን ልታረጋት ነው?» ብላ ሙሽራዋን በክንዷ ይዛ ወጣች፤ ያ መንደር እንዳለ ክሊኒክ መምጣት ተወ። ትልቅ ሰው ውጣ አይባልማ! ትልቅ ሰው አደራ ነው የሚባለው። አያ ታፈረ ይህን ሲረዱ ፍየል ገዙ። ፍየሏን ከክሊኒኩ ጓሮ አሰሯት። አማት ስትመጣ ትንሽ ያጫውቱና «እናቴ፣ እርስዎ ከብት ያውቃሉ። ጓሮ አንዲት ፍየል አለችኝ፤ ሻጩ ከብዳለች ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ እኔ ደገኛ ነኝ አላውቅም፤ እስቲ ሆዷን ዳብሰው ይንገሩኝ፤ ለሌላ ሰው አላምናትም» ይላሉ። አማቲቱ ኮርታ ትወጣለች። ያቺን ፍየል ያልዳበሰ የራያ አማት የለም። ፍየሏም ለምዳ ጎኗን ሰጥታ መቆም ጀምራ ነበር። የፍየሏ እርግዝና በጓሮ ጮክ ተብሎ ሲመረመር ውስጥ ደግሞ ሙሽራዋ በሹክሹክታ የራሷን ትናገራለች። «ሰውን በሚያውቀው ነገር ላኪው፤ ይሄድልሻል» ይሉኝ ነበር።

ከዋጃ ወደ ሮቢት ተዛወርኩ። እዚያ የገጠመኝ አለቃ ሌላ ዓይነት ነው። ስለ በሽተኛ ብዙ አያወራም፤ ቀኑን ሙሉ ገበያው ዳር እየዞረ መሬት ይለካል። ተጠራጠርኩት፤ ለራሱ ቦታ ሊመራ ነው ብዬ። ለካስ ሽንት ቤት የሚሠራበት ቦታ እየፈለገ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ከንጋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ውሃ አይቀምሱም፤ ከጠጡ መውጣት ይመጣል፣ መውጫው ደግሞ የለም። የሚያቃጥላቸው ለምን እንደሆነ እኔ በብርጭቆ ስፈልግ እሱ በእግሩ ዞሮ አገኘው። ሽንት ቤቱ ሲሠራ የሚያቃጥላት ሴት ቀነሰች። ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ስጠረጥረው እንደነበር አያውቅማ።

ጎብዬ ላይ ራሴ ኃላፊ ሆንኩ። ፍየል የማሳድርበት ጓሮ ስላልነበረኝ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ከበሩ ማዶ ቅቤ ሻጮች ይቀመጣሉ። «እታለም፣ እነዚህ ሰዎች ቅቤው ላይ ሙዝ እየለወሱ አስቸገሩኝ፤ እስቲ በእርስዎ ዓይን ንጹሑን ይለዩልኝ» እላለሁ። ቅቤ የማታውቅ አማት የት አለች! አሽትታ፣ ቀምሳ፣ ሻጯን ሰድባ እስክትመለስ እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ። ባል ከሆነ አጃቢው «አህያህ ጭነቷ አዘንብሏል» ይበቃዋል። በዚህ ሞያ ስንት ሴት አወጣሁ። አያ ታፈረም አርጅተው ወደ ደጋቸው ሲመለሱ ሊሰናበቱኝ ጎብዬ ወርደው የቅቤውን ዘዴ ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ፍየሏን ለማን ሰጡ ብላቸው «ጡረታ አወጣኋት» አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልመለስ።

ልጄ ጀማል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የአፋርን መንገድ ነው የሚመላለሰው። የጎብዬ ነጋዴ ልጅ ሐያትን አገባና እኔው ዘንድ አስቀመጣት። ሐያት ዝምተኛ ናት፤ ሲበዛ ጨዋ። ስገባ ብድግ፣ ስወጣ ብድግ። «ኧረ ተቀመጪ፣ ወታደር ቤት አረግሽው» ብላትም አትሰማኝም።

አንድ ሰሞን ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ጓሮ መመላለስ አበዛች። ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ስደርስ ጥርሷን ነክሳ ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት። ያንን ትንፋሽ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

«ሐያት፣ ሽንት ያቃጥልሻል?» አልኳት።

«ኧረ ደህና ነኝ እማ።»

የመጀመሪያ መልስ! «ነይ ሆስፒታል እንሂድ» አልኳት። እምቢ አለች። ምክንያቱን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለባሏ ነው በስልክ የነገረችው። እሱ ነው የነገረኝ፦ «እማ፣ እዚያ ያለው ነርስ ሁሉ አንቺ ያሠለጠንሽው ነው። የእኔ ሚስት ሽንት በብልቃጥ ይዛ እነሱ ፊት ስትቆም ይታይሽ። የሹፌር ሚስት አቃጠላት ሲባል ደግሞ ሰው ምን እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ እንጂ። «ከመንገድ ያመጣባት ነው» ነው የሚባለው። ሽንት ማቃጠል ብቻውን የአባላዘር በሽታ ምልክት አለመሆኑን ለሺህ ሰው አስረድቻለሁ። የገዛ ልጄ ስም ሲነሳ ግን እሱንም፣ እውነቱን ልናገር፣ እሷንም ተጠራጠርኩ። ያ ረቢ፣ ምን ያለ አእምሮ ነው የሰጠኸኝ!

«በስልክ የሚያክሙ አሉ» አለኝ ጀማል። «ከአዲስ አበባ። ሴት ሐኪም ነው የያዝኩላት፤ በሞባይል ከፍያለሁ። አንቺ ስልኩን ብቻ አዘጋጂላት።»

«በስልክ ጎኗን በምን ሊመቷት ነው?» አልኩት።

«እማ፣ እባክሽ።»

እኔ በበኩሌ ነገሩን በአንድ ቀን ልጨርሰው ወስኜ ነበር። ከድሮ ሳጥኔ ጠንከር ያለ ኪኒን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ስልኩ ያው ውሸቱን ሲጨርስ እሷን እሰጣታለሁ፣ በቃ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ከእኔ ግን ምን ይደበቃል?

በተባለው ሰዓት ስልኩ ጠራ። የቆቦ ኔትወርክ የሐኪሟን ፊት እየቆራረሰ አመጣልን፤ ግማሽ ግንባር፣ ከዚያ አገጭ። ዶክተር ማርታ እባላለሁ አለች። ልጅ ናት! ጋውን እንኳ አልለበሰችም።

«ሐኪም ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» አልኳት።

ሐያት በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ የሥራ ፈቃዷን ወረቀት ወደ ካሜራው አስጠግታ አሳየችኝ። ወረቀት ማተም ምን ይቸግራል? «ከጎድን በታች ሲመቷት ብትዘል ምን ትጠረጥሪያለሽ?» አልኳት።

«ኩላሊት» አለች። «እማማ፣ እርስዎ የጤና ባለሙያ ነበሩ እንዴ?»

«ነኝ» አልኩ። ነበሩ ያለችውን አልወደድኩትም።

ከዚያ ሐያትን መጠየቅ ጀመረች። ስልኩ ድምፁ ተለቆ መሃላችን ተቀምጧል። ያቃጥልሻል ወይ? ትንሽ። ትኩሳት አለሽ? ሐያት አፏን ሳትከፍት እኔ መለስኩ፦ «ቆቦ እኮ ነው እናት፣ እዚህ ትኩሳት የሌለው ድንጋይም የለም።» ያስመልስሻል? «ሰሞኑን ምግብ አልስማማት ብሎ ነው» አልኩ፤ አሁንም እኔ። የወር አበባሽስ? ሐያት ጣቷን ትቆጥራለች፣ ትቆጥራለች። «እርጉዝ የመሆን ዕድል አለ?»

«አይ» አለች።

«አይደለችም፣ ብትሆን እኔ አላየውም?» አልኩ ደግሞ በላዩ፤ ሐያት መሬት መሬት ታያለች።

ሐኪሟ ሳትንቀሳቀስ አየችን። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ ስልኩን ነካ ነካ አደረግሁት። ከዚያ «ቤት ውስጥ መድኃኒት አለ?» አለችኝ። የኪኒኑን ስም ጠራሁላት፤ ጠንካራ ነው፣ አንድ ሁለቴ ብትውጠው ይለቃታል አልኳት።

«ሲስተር» አለችኝ። እማማ ቀረና ሲስተር ሆንኩ። «እንኳን እርስዎ ኖሩልኝ። እኔ ሩቅ ነኝ፣ ዓይኔ አይደርስም። አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለሐያት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ያስፈልጋታል፤ በእናንተ አገር ሙቀት ግን ከረጢቱ ውስጥ ዱቄቱ እየጋገረ ይበላሻል። ፋርማሲ ሄደው በእጅዎ ዳብሰው ያልጋገረውን ይምረጡልኝ። ያንን ኪኒንም ይዘውት ይሂዱ፣ ጊዜው አልፎ እንደሆነ ፋርማሲስቱ ይይልኝ። አደራ፣ ለሌላ ሰው አላምነውም።»

ይኸው፣ ሰው የሚያውቅ ሐኪም! ደረቴ ተነፋ። «ሐያት ሆይ፣ አንቺ አትነሺ፣ እኔ እሄዳለሁ» አልኩና ሻርፔን አደረግሁ፤ ኪኒኑን በኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ማሽላ የጫኑትን ግመሎች አሳልፌ ፋርማሲው ደረስኩ። ፋርማሲስቱ ያውቀኛል። የጠየቅሁትን ስነግረው ሣቅ አለና አንድ ካርቶን ሙሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ። «ሲስተር፣ ለዚህ ነው በዚህ ፀሐይ የመጡት? ይሄማ ሞልቷል፤ ሰፈርዎ ያለው ጤና ኬላም አያጣውም» አለኝ።

«የጋገረ እንዳይኖር ነው» አልኩት በኩራት። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እየዳበስኩ መለየት ጀመርኩ። ይቺ ደህና ናት፤ ይቺም ደህና ናት። አንዷን በሁለት ጣቴ እያሸሁ እያለ እጄ ቀጥ አለ።

ፍየሏ!

ወላሂ፣ የአያ ታፈረን ፍየል እየዳበስኩ ነበር። እኔ ዘሐራ፣ የራያን አማት ሁሉ ቅቤ ስታሸት ያዋልኩ፣ በስልክ ተልኬ ወጣሁ! አደራ ብላ፣ ለሌላ ሰው አላምነውም ብላ፣ ቃል በቃል! ፊቴ ነደደ። «ይቺ ቁንጫ ልጅ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ፋርማሲስቱ ደነገጠ።

ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ለምን አስወጣችኝ? አማት የምትወጣው ለአንድ ጥያቄ መሆኑን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ውሃ መጠጣት የቀነሰችው፣ ያስመለሳት፣ ጣቷን ስትቆጥር የቆየችው፣ «አይ» ብላ መሬት ያየችው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቤቴ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሐኪሟ ከአዲስ አበባ ሆና ሰማቻት። የዋጃዋ ሙሽራ፣ ያ ቃሬዛ፣ ያ ደም የነካው ቀሚስ እንዳለ ፊቴ መጣ። ኪኒኑን ፋርማሲስቱ እጅ ላይ ትቼው ወጣሁ፤ ለእርጉዝ የማይሰጥ ኪኒን መሆኑን እኔው ስንቴ አስተምሬያለሁ።

እየሮጥኩ መጣሁ ብል ውሸት ነው፤ ዕድሜ አያስሮጥም፤ ልቤ ግን ቀድሞኝ ደርሷል። በሬ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ውስጥ የሐያት ድምፅ ይሰማል፤ እያለቀሰች ታወራለች። ከገባሁ ዝም ትላለች። መግባት አማረኝ፤ በአላህ ስም እምላለሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረኝ ነገር የለም። አልገባሁም። ደጄ ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ከረጢቶቹን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ ተዋበች በአጠገቤ ስታልፍ «ምነው ሲስተር፣ የገዛ ቤትሽ በር ላይ?» አለችኝ።

«ተልኬ ነው» አልኳት። ግራ ገብቷት ሄደች።

ቆይታ ሐያት በሩን ከፈተች። ዓይኗ ቀልቷል። «እማ፣ ሐኪሟ ይሄ በስልክ የሚታከም አይደለም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ሂጂ ብላኛለች» አለች። የእጄን ጀርባ አንገቷ ላይ አሳረፍኩ። እሳት ነው! ስንት ቀን አብሬያት ስበላ ስጠጣ አልነካኋትም፤ በአፌ ብቻ ስጠይቃት ነበር። ሐኪሟ ለምን እንዲህ እንዳለች አልጠየቅኋትም። ባጃጅ ጠራሁ።

ባጃጁ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ሐኪሟ ናት፤ መሄዳችንን ለማረጋገጥ። ተቀበልኩት።

«አንቺ ተንኮለኛ» አልኳት። «ላክሽኝ አይደል?»

ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር። እኔም አማት አለችኝ።»

እኔም ሳቄ መጣ፤ ከእንባዬ ጋር መጣ። «ዱቄቱ አልጋገረም» አልኳት።

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ልባችሁ አይንጠልጠል። በሽታው ኩላሊቷን ጀምሮት ነበር። አስተኝተው መርፌ ሰጧት፤ ዳነች፤ የያዘችው ፅንስም ጸና፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን ሆዷ እሷን ቀድሞ ነው በር የሚገባው፤ ባይገፋ ኖሮ እኔም አልጽፈውም ነበር። በስልክ ማከምን ዛሬም አላምነውም፤ ስልክ ጎን አይመታም፣ አንገት አይዳስስም። ያቺን ሐኪም ግን አምናታለሁ፤ የማትችለውን አልችልም ብላ ሆስፒታል ሰዳናለችና።

ልጨርስ የምፈልገው ግን እዚያው ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ ነው። የተረኛዋን ነርስ መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስታየኝ ደስ ብሏት ተጣድፋ መጣችና እኔ ፊት ቆማ «ሐያት፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለቻት። «እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኩሽ?» ልላት ነበር። ሐያት እኔን አየችኝ።

ብድግ አልኩ። ከአልጋው ሥር ያለውን የውሃ ጆግ አነሳሁ። «እኔ ውሃ ላምጣ፣ ይሄ ሞቋል» አልኩና ወደ በሩ ዞርኩ።

«እማ» አለችኝ ከኋላዬ።

ዞሬ አየኋት። ያቺ ስገባ ብድግ፣ ስወጣ ብድግ የምትለው ልጅ ተኝታ ነው የምታየኝ።

«ይቀመጡ» አለች። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞራ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ «አዎ፣ ነኝ» አለች።

«ማሻአላህ» አልኩ። ጆጉን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ መልስ ነበር፤ አመንኩት።